ለድፍርስ ውኃ የተሰፋ መረብ፦ ባለ63 ማይክሮን የፕላንክተን መረብ በቺሊካ ላጉን ሲፈተን

ይህ ግምገማ ስለ አንድ የፕላንክተን መረብ፣ ማለትም በውኃ ውስጥ የሚንሳፈፉ ጥቃቅን ፍጥረታትን ስለሚይዝ መረብ ነው። የአፉ ስፋት 30 ሴንቲ ሜትር፣ ከአፉ እስከ ጫፉ ያለው ርዝመት 1.5 ሜትር፣ የናይለን ጨርቁ ዐይን፣ ማለትም የቀዳዳው ስፋት፣ ደግሞ 63 ማይክሮን (የሚሊ ሜትር 63 ሺኛ) የሆነ ሾጣጣ መረብ ነው። አፉን የማይዝግ ብረት ቀለበት ይይዘዋል፤ ጫፉ ላይ የተያዘው ሁሉ የሚጠራቀምበት፣ ጎኑ ወንፊት የሆነ ጽዋ ተገጥሞለታል። በሕንድ ምሥራቅ ዳርቻ በምትገኘው በቪሻካፓትናም ከተማ ስማር ገዝቼው በቺሊካ ላጉን ሁለት ዓመት ሠርቼበታለሁ፤ ወደ አገር ቤት ስመለስም ከመጻሕፍቴ ይልቅ ተጠንቅቄ ጠቅልዬ ያመጣሁት እርሱን ነው። ለምርምር መረብ ሊገዙ ያሰቡ ተማሪዎች «ርካሹ አይበቃም ወይ?» እያሉ ስለሚጠይቁኝ ያየሁትን በዝርዝር ለመጻፍ ወሰንኩ። መልሴን አስቀድሜ ልናገር፦ መረቡ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ከካርቶኑ እንደወጣ ውኃ ውስጥ ሊገባ አይገባም፣ ያለ ፍሰት መለኪያም ሊገዛ አይገባም።

የመረቡን ጠባይ ለመረዳት የተፈተነበትን ውኃ ማወቅ ያስፈልጋል። ላጉን ማለት በአሸዋ ግርዶሽ ከባሕር የተለየ፣ በጠባብ አፍ በኩል ግን ከባሕር ጋር ውኃ የሚለዋወጥ፣ ጥልቀት የሌለው የዳርቻ ሐይቅ ነው። በኦዲሻ ግዛት የሚገኘው ቺሊካ በእስያ ካሉት እንዲህ ያሉ ጨው ቀመስ ሐይቆች ትልቁ ሲሆን፣ በደረቁ ወራት 900 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነው ስፋቱ በዝናብ ወራት ከ1,100 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ይደርሳል። በሰሜን በኩል ዳያና ባርጋቪን የመሳሰሉ የማሃናዲ ወንዝ ቅርንጫፎች ጣፋጭ ውኃና ደለል ይዘው ይገባሉ፤ በሌላው በኩል የቤንጋል ባሕረ ሰላጤ በአሸዋው አፍ እየገባ ጨዉን ያመጣል። ማለዳ ከወንዝ ውኃ የተነሣ ጀልባ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ የባሕር ውኃ ላይ ሊደርስ ይችላል ማለት ነው።

ይህ ሚዛን አንድ ጊዜ ክፉኛ ተዛብቶ ነበር። ቺሊካ እ.ኤ.አ. በ1981 በራምሳር ስምምነት ዓለም አቀፍ ጠቀሜታ ያለው ረግረጋማ ሥፍራ ተብሎ ተመዘገበ፤ ዳሩ ግን ደለሉ ወደ ባሕር የሚወስደውን ቦይ እየደፈነው፣ ጨዋማነቱ እየወረደ፣ አረሙ እየሰፋ፣ ዓሣው እየጠፋ በመሄዱ በ1993 አደጋ ላይ ያሉ ሥፍራዎች የሚሰፍሩበት የሞንትሩ መዝገብ ውስጥ ገባ። በመስከረም 2000 አሸዋው ተቆርጦ አዲስ የባሕር አፍ ተከፈተለት፤ ውኃው ወደ ባሕር የሚሄድበትን መንገድም በ18 ኪሎ ሜትር ገደማ አሳጠረው። ጨዉ ተመለሰ፣ ዓሣውና ሽሪምፑ ተመለሰ፣ በ2002 ስሙ ከመዝገቡ ተሰረዘ። እኔን እዚያ የወሰደኝ ይህ ታሪክ ነው፤ ምክንያቱም ዓሣው ከመመለሱ በፊት የሚበላው መመለስ አለበት፣ የሚበላው ደግሞ በዐይን በቀላሉ የማይታየው ዙፕላንክተን፣ ማለትም ከፕላንክተን ወገን እንስሳ የሆነው ነው።

አሁን ወደ ዕቃው። በፕላንክተን መረብ ላይ ከሁሉ በፊት የሚታየው የጨርቁ ዐይን ነው። አንድ ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ ነው። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1968 ባሳተመው መመሪያ የተመከረውና ዛሬም በብዙ የባሕር ጥናት የሚሠራበት «ደብሊዩ ፒ ሁለት» የተባለው መረብ ዐይኑ 200 ማይክሮን ነው። ለሰፊው ባሕር፣ አካለ መጠን ላደረሱ ኮፒፖዶች (ጥቃቅን የሽሪምፕ ዘመዶች) ይህ ተገቢ ነው። በላጉን ውስጥ ግን ጤፍን በባቄላ ወንፊት እንደ መንፋት ይሆናል። ከእንቁላል ገና የወጣ የኮፒፖድ እጭ ርዝመቱ 100 ማይክሮን ቢሆን ነው፤ ብራኪዮነስን የመሳሰሉ ሮቲፈሮችም (ከኮፒፖድ የሚያንሱ ጥቃቅን እንስሳት) ብዙዎቹ በ200 ማይክሮን ዐይን ውስጥ ሾልከው ይሄዳሉ።

ነገሩ ከቁጥር መጉደል የከፋ ነው። ውኃ በናይትሮጅንና በፎስፈረስ ሲጠግብ፣ አልጌው ሲበዛና ጥራቱ ሲወርድ፣ የዙፕላንክተኑ ማኅበር ብዙ ጊዜ ወደ ትናንሾቹ ያደላል፦ ትልልቆቹ ይቀንሳሉ፣ ሮቲፈሮችና ጥቃቅን ኮፒፖዶች ይበዛሉ። ዐይኑ ሰፊ የሆነ መረብ ይዞ የሄደ ሰው ይህን ለውጥ አያየውም፤ እርሱ የሚያየው «እንስሳቱ አለቁ» የሚል ባዶ ጽዋ ነው። ውኃው የተሞላው እርሱ ሊይዛቸው ባልቻላቸው ፍጥረታት መሆኑን አያውቅም። ስለ ውኃ ጥራት የሚሰጠው ፍርድ መረቡ ላይ ተንጠልጥሏል የምለው ለዚህ ነው፤ 63 ማይክሮን መምረጤም ከዚህ የተነሣ ነው።

ጠባብ ዐይን ግን ዋጋ ያስከፍላል፤ ዋጋውም መደፈን ነው። ይህን የተማርኩት በመጀመሪያው መረቤ ነው። እርሱም አፉ 30 ሴንቲ ሜትር፣ ዐይኑ 63 ማይክሮን ነበር፤ ርዝመቱ ግን 60 ሴንቲ ሜትር ብቻ፣ ዋጋውም ከግማሽ በታች። በዝናቡ ወራት በሰሜኑ ክፍል፣ ሸምበቆው በሚያጥረው አካባቢ ስንጎትተው፣ ገመዱን የያዙት አዛውንት ጀልባ ቀዛፊ በኦድያ ቋንቋ አንድ ነገር ተናገሩ። አብሮኝ የነበረው የቤተ ሙከራ ጓደኛዬ ተረጎመልኝ፦ «ከብዷል፣ ውኃ ግን አልጠጣም አለ»። ሳወጣው ውስጡ እንደ ሸክላ ጭቃ በለሰለሰ ቡናማ ደለል ተለብጦ ነበር፤ ውኃው በጨርቁ ማለፍ አቅቶት ከአፉ ወደ ጎን እየፈሰሰ ኖሯል። ያን ቀን የሰበሰብኳቸውን ናሙናዎች በሙሉ ጥዬአቸዋለሁ።

የርዝመቱን ነገር በሒሳብ ማየት ይቻላል። የ63 ማይክሮን ናይለን ጨርቅ ሁሉ ቀዳዳ አይደለም፤ ክሩ የሚሸፍነው ሲቀነስ ለውኃ ክፍት የሚሆነው ከጠቅላላ ስፋቱ ከሲሶ ጥቂት ከፍ ያለው ብቻ ነው። የአጭሩ መረብ ጨርቅ ስፋት 0.28 ካሬ ሜትር ገደማ ስለሆነ ክፍቱ 0.10 ካሬ ሜትር ቢሆን ነው፤ የአፉ ስፋት ደግሞ 0.07 ካሬ ሜትር ነው። ክፍቱ ከአፉ የሚበልጠው በአንድ ተኩል እጥፍ እንኳ አይሞላም። አሁን የምገመግመው ባለ1.5 ሜትሩ መረብ ጨርቁ 0.7 ካሬ ሜትር ያህል ስለሆነ ክፍቱ የአፉን ሦስት እጥፍ ተኩል ይሆናል። በሙያው የሚመከረው ቢያንስ ሦስት እጥፍ፣ ለአረንጓዴና ለድፍርስ ውኃ ደግሞ ከዚያ የበለጠ ነው። ልዩነቱን ቀዛፊው በእጃቸው ዐወቁት፤ በዚያው ቦታ፣ በዚያው ወር፣ ረጅሙ መረብ እየተጎተተ መጠጣቱን ቀጠለ። ከደቂቃዎች በኋላ እርሱም መድከሙ አልቀረም፤ ስለዚህ በሰሜኑ ክፍል ጉተታውን አሳጥሬ ደጋግሜ እጎትት ነበር።

የፍሰት መለኪያ ያልኩት እዚህ ጋ ነው። ይህ በመረቡ አፍ መካከል የሚንጠለጠል፣ ውኃ ሲያልፍበት የሚዞር ትንሽ ፕሮፔለርና ዙሩን የሚቆጥር ሰዓት ነው። ለምሳሌ እንበል፦ 50 ሜትር የጎተትነው መረብ ምንም ሳይደፈን ቢሠራ 3.5 ሜትር ኩብ ውኃ ያጣራል፤ በጽዋው ውስጥ 70,000 እንስሳት ብንቆጥር በሜትር ኩብ 20,000 ነበሩ እንላለን። መረቡ ተደፍኖ ግማሹ ውኃ ብቻ አልፎ ከሆነ ግን እውነተኛው ቁጥር 40,000 ነው። ያለ መለኪያ ይህን የሚያውቅ የለም፤ ደግሞም ስሕተቱ ሁልጊዜ ወደ አንድ ወገን ያደላል፣ ውኃው በደፈረሰ መጠን እንስሳቱ ያነሱ ይመስላሉ። ስለ ደለል ጉዳት የሚያጠና ሰው ጨርቁ የሠራውን ጉዳት የደለሉ አድርጎ ሊጽፍ ይችላል። መለኪያው ከመረቡ የበለጠ ዋጋ እንደሚያወጣ ዐውቃለሁ፤ ገንዘቡ ከጠበበ መረቡን በአንድ ቁጥር አሳንሶ መለኪያውን መግዛት ይሻላል።

ጥልቀቱ ከጉልበት ብዙም በማይበልጥበት ቦታ መጎተት ራሱ አይቻልም፤ የጀልባው ሞተር ጭቃውን ያናውጠዋል፣ የመረቡም ቀለበት መሬቱን ይልሳል። በዚያ ጊዜ መረቡን በእጅ ይዞ፣ ልኩ በሚታወቅ ባልዲ 50 ወይም 100 ሊትር ውኃ እየቀዱ ማፍሰስ ነው። መረቡ ለዚህ ሥራ እጅግ ይመቻል፤ ቀለበቱ ሰፊ ስለሆነ አይፈስም፣ ጽዋውም ከሥር ቀጥ ብሎ ይቆማል። የሚጎድለው ነገር ቢኖር አካለ መጠን ያደረሱት ኮፒፖዶች የባልዲውን መምጣት ዐውቀው ተስፈንጥረው ማምለጣቸው ነው፤ ይህ የባልዲው እንጂ የመረቡ ጉድለት አይደለም።

የመረቡ ትልቁ ጉድለት ያለው ጽዋው ላይ ነው፤ በዚህ ላይ ረዘም ብዬ ልናገር። በመጀመሪያዎቹ ወራት ከደቡቡ ክፍል፣ በራምባ በኩል ካለው ጠራ ካለ ውኃ፣ በመረብ የወሰድኩትንና በባልዲ የወሰድኩትን ናሙና አስተያየሁ። ልኩ ወደ አንድ ሲመለስ ቁጥሮቹ ሊቀራረቡ ይገባ ነበር፤ ነገር ግን በመረቡ ናሙና ውስጥ የኮፒፖድ እጮች በእጅጉ ያንሱ ነበር። በባልዲ ያጣራሁት በሌላ ጽዋ ስለነበር ልዩነቱ ከየት እንደመጣ ለማወቅ ብዙ አልፈጀብኝም። አዲሱን ጽዋ ፈትቼ የጎኑን መስኮት ማይክሮስኮፕ ሥር አስቀመጥኩት። የመረቡ ጨርቅ ቀዳዳዎች አራት ማዕዘናቸው የተስተካከለ፣ ልካቸውም ከተጻፈው 63 ጋር የሚስማማ ነበር። የጽዋው መስኮት ጨርቅ ግን ክሩ የወፈረ፣ ዐይኑም ከመረቡ ዐይን ሁለት እጥፍ ገደማ የሰፋ ሆኖ ተገኘ። መረቡ በጥንቃቄ የያዘውን ጽዋው በጎኑ ያፈስ ነበር ማለት ነው። ማይክሮ ሜትሩ መስመር ላይ አንዲት የኮፒፖድ እጭ ከቀዳዳው ጠርዝ ጋር ተጣብቃ ቀርታ ነበር፤ በስፋቷ በኩል ሁለት እርሷን የሚያህሉ ጎን ለጎን ሊያልፉበት የሚችል ክፍተት ነው።

ሻጩን ጻፍኩለት፣ ምስሉንም ላክሁ። ሳይከራከር ሌላ ጽዋ ላከልኝ፤ ይህን ማመስገን ይገባኛል፤ ግን ሁለተኛው እስኪደርስ ወራት ስላለፉ በመካከሉ እኔው ራሴ 63 ማይክሮን ጨርቅ ገዝቼ አሮጌውን መስኮት ቆርጬ በውኃ በማይለቅ ሙጫ ለጥፌ ሠራሁበት። የለጠፍኩት ዛሬም አልለቀቀም። ከዚያ ወዲህ ማንኛውም መረብ ሲገዛ ጨርቁና የጽዋው መስኮት ለየብቻ ማይክሮስኮፕ ሥር እንዲለኩ አጥብቄ እመክራለሁ። የሚወስደው ሩብ ሰዓት ነው።

ስፌቱ መልካም ነው። ጨርቁ ቀለበቱ ላይ የታሰረው በወፍራም ሸራ በኩል ስለሆነ ጭነቱ በሸራው ላይ ይውላል፤ በቁመቱ የሚወርደው ስፌት እጥፍ ሆኖ ከውጭ በኩል ስለተሰፋ እንስሳት የሚሸሸጉበት ኪስ በውስጥ የለውም። ሦስቱ የመጎተቻ ገመዶች በእኩል ርዝመት ስለታሰሩ መረቡ አያዘነብልም። የጽዋው ማሰሪያ ክላምፕ ግን ተራ ብረት ነበር፤ ባሕሩ አፍ አጠገብ፣ በሳታፓዳ በኩል ከሠራንበት በኋላ ዛገ፣ ብሎኑም ተጣብቆ አልፈታ አለ። የማይዝግ ክላምፕ ከመኪና መለዋወጫ ሱቅ ገዝቼ ቀየርኩት። እንዲህ ያለ ጥቂት ገንዘብ የሚያወጣ ነገር በጨው ውኃ ለሚሠራ ዕቃ ሲነፈግ ያሳዝናል።

አጠቃቀሙን በሚመለከት ከመረቡ ጋር የመጣው ወረቀት የማይናገራቸው ጥቂት ነገሮች አሉ። መረቡ ከወጣ በኋላ የሚታጠበው ከውጭ ወደ ውስጥ ነው፤ ውኃውን በውጭው ጨርቅ ላይ ሲረጩት ከውስጥ የተጣበቁት ወደ ጽዋው ይወርዳሉ፣ በማጠቢያው ውኃ ያሉት እንስሳት ግን ከውጭ ይቀራሉ። በአፉ በኩል ያጠበ ሰው ያልለካውን ውኃ እንስሳት በናሙናው ላይ ይጨምራል። ሮቲፈሮች ናሙናው እንዳይበላሽ የሚጨመረው ፎርማሊን ሲነካቸው ተኮማትረው ማንነታቸው ስለማይለይ፣ አስቀድሞ ጥቂት ጋዝ ያለው ውኃ ጨምሮ ማደንዘዝ ይረዳል። ፎርማሊኑ 4 በመቶ ሆኖ በቦራክስ ካልተስተካከለ አሲዱ የቀንድ አውጣና የሙሴል እጮችን ቅርፊት ያሟሟዋል። ከ63 ማይክሮን የሚያንሱትን ሲሊየቶች (ባለ አንድ ሴል ፍጥረታት) ከዚህ መረብ መጠበቅ አይገባም፤ እነርሱ በጠርሙስ ተቀድተው በሉጎል አዮዲን እንዳይበላሹ ይደረጋሉ።

ከመረቡ ጎን ስለሚሄዱት መለኪያዎች ብዙ አልልም፤ ሁለቱን ብቻ ላንሣ። በ30 ዲግሪ ሴልሲየስ ጣፋጭ ውኃ ከአየር ሊይዝ የሚችለው ኦክስጅን በሊትር 7.5 ሚሊ ግራም ያህል ሲሆን፣ የባሕር ውኃ ግን ከ6 ሚሊ ግራም ጥቂት ብቻ ያልፋል። ስለዚህ የኦክስጅን መለኪያው ጨዋማነት ካልተነገረው በሰሜኑ ክፍልና በባሕሩ አፍ የሚሰጠው ቁጥር አይነጻጸርም። ሴኪ ዲስኩ፣ ያ የውኃውን ድፍርስነት ለማየት ወደ ውኃ የሚወርደው 20 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ጥቁርና ነጭ ሰሌዳ፣ ከሁሉ ርካሽ ሆኖ ከሁሉ የበለጠ የጠቀመኝ ነው፤ ዲስኩ ቶሎ ከዐይን በተሰወረበት ቦታ መረቡ ቶሎ እንደሚደፈን ዐውቄ የጉተታውን ርዝመት በዚያው ልክ አሳጥር ነበር።

መረቡ ዋጋውን የከፈለኝ ከደረቁ ወራት ወደ ዝናቡ ወራት ስንሻገር ነው። ዝናብ ሳይጥል፣ ጨዉ ከፍ ባለበት ጊዜ፣ ጽዋው በአካርሺያና በኦይቶና ኮፒፖዶች፣ በሽሪምፕና በሸርጣን እጮች ይሞላ ነበር፤ ጠርሙሱን ወደ ብርሃን ሲያነሡት ፈዘዝ ያለ ሮዝ ደመና የሚሰባበር ይመስላል። ወንዞቹ ከሞሉ በኋላ በሰሜኑ ክፍል ያው መረብ ብራኪዮነሶችንና የውኃ ቁንጫ የሚባሉትን ጥቃቅን የጣፋጭ ውኃ ክላዶሴራዎችን ያወጣ ጀመር። ባለ200 ማይክሮን መረብ ብይዝ ኖሮ የመጀመሪያውን አይቼ ሁለተኛውን «ባዶ ውኃ» ብዬ በጻፍኩ ነበር።

ለአገራችን ሐይቆች ይሆናል ወይ ለሚሉኝ፦ በጣፋጭ ውኃ ሐይቆቻችን ጨው የለምና የክላምፑ ጣጣ አይኖርም፤ ደለሉ ግን አለ። ጣናና ዝዋይ ድፍርስ ውኃ ናቸው፤ ስለዚህ ከርዝመቱ ማሳነስ አይገባም፣ 1.5 ሜትሩን እመርጣለሁ። ውኃው ጥልቅና ጠራ ያለ ከሆነ አጭሩም ሊያገለግል ይችላል፤ ለሮቲፈር የማይጨነቅ፣ ለዓሣ ምግብ የሚሆኑትን ትልልቅ ክላዶሴራዎችና ኮፒፖዶች ብቻ የሚፈልግ ሰው ደግሞ ዐይኑ ሰፋ ያለውን ቢወስድ ያንስበታል አልልም።

ከአምስት ነጥብ አራት እሰጠዋለሁ፤ አንዱን የቀነስኩት ስለ ጽዋው መስኮትና ስለ ክላምፑ ነው። ሊገዙ ያሰቡ ሻጩን ከዋጋው በፊት ሁለት ነገር ይጠይቁት፦ የመረቡን የጎን ርዝመትና የጽዋውን መስኮት ዐይን። ሁለቱንም በቁጥር መመለስ ካልቻለ ሌላ ሻጭ ይፈልጉ። ከሥራ በኋላ በጣፋጭ ውኃ አለቅልቆ ከጥላ ሥር ማድረቅ ያስፈልጋል፤ ፀሐይ ናይለኑን ያደክመዋልና። የእኔ መረብ ሁለት ዓመት በጨውና በጭቃ ተጎትቶ እስካሁን አንድም ቀዳዳ አላወጣም።